አሥራ ዘጠኙ ኩላሊቶች

ለወንድሜ፤

እንዴት ከረማችሁ? የካርለን ጉልበት ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለች? ክንድህ ላይ፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ ያበጠውስ ሟሸሸ? ሐይቁ መቼም በርዶ ደርቆ ሰው መሸከም ጀምሯል። እዚህ ሚኒያፖሊስ በረዶው ወርዶ ወዲያው ጭቃ ሆነ፤ የመኪናዬን ቀለም ካየሁት ሁለት ሳምንቴ ነው።

የአንተን መልስ አውቀዋለሁ። «ደህና ነኝ፤ ክፉ አይደለም» ትላለህ። አንድ እግርህ ቢቆረጥ «ሌላኛው አለ» የምትል ሰው ነህ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ያቺን ቃል አፍህ ላይ እንዳታመጣት። እኔም በወጉ መሠረት ለጤናዬ ደህና መሆኔን መግለጽ ነበረብኝ፤ ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተናድጄ ነው የሰነበትኩት። እኔ ወጥ ቤት ስገባ ባሌ ይወጣል፤ ልጆቹም የሚያናግሩኝ በበሩ ቀዳዳ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ነገሩ ከበድ ሲል «ቆይ ካርለንን ላቅርብልሽ» ብለህ በሚስትህ ጀርባ ታመልጣለህ። በኢሜይል እንዳልጽፍልህ ደግሞ ቢሮዬ ያየዋል። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩልህ። ጽሕፈቴ ካስቸገረህ መነጽርህን አድርግ፤ አርጅተሃል።

ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬህ አላውቅም፤ አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም። እናታችን በሕይወት ሳለች ጎረቤት ሲጠይቃት «ኮምፒዩተር ላይ ትሠራለች» ትላቸው ነበር። አንተ ከኋላ ሆነህ «አዎ፣ ኮምፒዩተር ላይ ሰው ትገድላለች» እያልክ ታስቃቸዋለህ። ቀልድህ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። አንድ ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ኩላሊቱን ሲሰጥ፣ ኩላሊቱ ለማን ይድረስ የሚለውን የሚወስን ሕግ አለ። የደም ዓይነት፣ የጠበቅክበት ዘመን፣ ዕድሜ፣ ርቀት፣ ሁሉም ነጥብ አለው። ያንን ሕግ መለወጥ ሲፈልጉ በሕያው ሰው ላይ መሞከር ነውር ስለሆነ መጀመሪያ በኮምፒዩተር እንሞክረዋለን። የእውነተኞቹን ሕመምተኞችና የእውነተኞቹን ለጋሾች መዝገብ ስማቸው ተሰርዞ እንረከባለን። ከዚያ ያለፉትን ዓመታት ከመጀመሪያው ቀን አንሥተን እንደገና እናስኬዳቸዋለን፤ አንድ ጊዜ በአሮጌው ሕግ፣ አንድ ጊዜ በአዲሱ። ስንት ሰው ተረፈ፣ ስንት ሰው ወረፋ ላይ ሞተ ብለን እንቆጥራለን። ዕድል እንዳያታልለን እያንዳንዱን መቶ መቶ ጊዜ እንደግመዋለን። መቶ ጊዜ ሞቶ መቶ ጊዜ የተነሣ ሰው አውቃለሁ፤ ደመወዜም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

መዝገቡን ስንረከብ አንድ ወረቀት እንፈርማለን። ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው ላንፈልግ፣ ሳንፈልግ ብናውቀው እንኳ ላንናገር። አሥራ አንድ ዓመት ፈርሜ አሥራ አንድ ዓመት አክብሬዋለሁ። ይኸው ዛሬ ላንተ ስል እያፈረስኩት ነው። ለካርለን አንብብላትና ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ክተተው።

ነገሩ የጀመረው የአጋዘን አደን ወቅት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ነው። ፕራቲማ የምትባል የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። የኮምፒዩተር ሞዴላችን ልክ መሥራቱን ለማረጋገጥ በአሮጌው ሕግ አስኪዳ በእውነት ከሆነው ጋር እያስተያየች ነበር። ድንገት ሳቅ አለችና «ነይማ እዪልኝ ይህን ሰውዬ፤ ማሽናችን እሱ ጋ ሲደርስ ያብዳል» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ሰውየው ከመቶው ዙር በዘጠና አራቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኩላሊት ያገኛል። በእውነተኛው መዝገብ ግን አምስተኛ ዓመቱን ይዞ አሁንም ወረፋ ላይ ነው። ፕራቲማ «ወይ እኛ ተሳስተናል፣ ወይ ይህ ሰውዬ የአማቱ እርግማን አለበት» አለች።

ደሙ ኦ። ሲመዘገብ ዕድሜው ሃምሳ አንድ። እጥበት የጀመረው በማርች ሁለት። ከጃንዋሪ ጀምሮ ለአርባ አንድ ቀን ከወረፋው ወጥቶ ተመልሷል፤ ምክንያቱ ስብራት። ወንድሜ፣ ኩላሊቱ ሞቶ እያለ የጋራዥ ጣራ ላይ በረዶ ልጥረግ ብሎ ወጥቶ፣ ወድቆ ዳሌውን የሰበረ ስንት ጅል አለ በዚህ አገር? አርባ አንዱን ቀን እኔ ነኝ የቆጠርኳቸው። ነርሷን በየሳምንቱ እየደወልኩ «ወደ ወረፋው መልሱት» ብዬ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ። ለፕራቲማ የመረጃ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ አየዋለሁ አልኳት።

ከዚያ የጥሪውን መዝገብ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ኩላሊት ለማን እንደተጠራ፣ ማን እሺ እንዳለ፣ ማን እንደመለሰው የሚጻፍበት ነው።

አንተ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትለን ኖርክ? «እስካሁን ለኔ የሚሆን አልመጣም» ነበር የምትለን። እናታችን ይህንኑ እያመነች ነው የሞተችው። ሐኪሞችህም በየስድስት ወሩ ስትሄድ ትከሻህን እየመቱ ታገስ ይሉሃል። አሥራ ዘጠኝ መጥቶልሃል። አሥራ ዘጠኝ ኩላሊት በአንተ ቁጥር ተጠርቷል።

አሥራ ሰባቱን የመለሰው ሆስፒታልህ ነው፤ ለአንተ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። የተረኛው ሐኪም ስልክ ይጠራል፤ ስለ ለጋሹ የተጻፈውን ያነባል፤ አይሆንም ብሎ ይዘጋል። ለጋሹ አርጅቷል። ኩላሊቱ በረዶ ላይ የቆየበት ሰዓት በዝቷል። የቀዶ ሕክምና ክፍል አልተገኘም። ይህ የመጨረሻው ሦስት ጊዜ ተጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ምክንያት በሚለው ሥር «ሌላ» ብሎ ብቻ አልፎታል። እንዲህ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሰጡት ኩላሊት በዓመቱ ቢበላሽ በስማቸው ይቆጠርባቸዋል፤ አንተ እየጠበቅህ ብትሞት ግን ዕድልህ ነው ይባላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ኩላሊቶቹን ተከትዬ ሄድኩ። ካንተ ከተመለሱት አሥራ ሰባቱ ውስጥ አሥራ አራቱ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ሰው ውስጥ ገብተዋል። መዝገቡ እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ አሥራ ሁለቱ ይሠሩ ነበር። ያ አርጅቷል የተባለው ኩላሊት በዕድሜ ከአንተ በአምስት ዓመት የሚበልጥ ሰው ውስጥ ገብቶ አራት ዓመት ደፍኗል። አንተ በሳምንት ሦስት ቀን አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተጋድመህ ጣራ ስትቆጥር፣ ያ ሰውዬ ያንተን ኩላሊት ይዞ ዓሣ እያሰገረ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፤ በእሱ አልቀናሁም። ግን አንጀቴ አረረ።

ወደ አለቃችን ሄድኩ። ዶክተር ዌልደን ይባላል፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። ሁለተኛ ልጄ ስትወለድ በረዶ ጥሶ ቤታችን ድረስ ሾርባ ያመጣ ሰው ነው። ያንተን ነገር አላነሣሁም። አንዳንድ ሆስፒታሎች በጣም ይመልሳሉ፤ ሞዴላችን ግን ሁሉም ሰው እንደ አማካዩ እሺ ይላል ብሎ ስለሚያስብ በወረቀት ላይ የምናድናቸው ሰዎች በእውን ወረፋ ላይ እየሞቱ ነው አልኩት። አዲሱ ሕግ ኩላሊቱን ከሩቅ አገር ያምጣለት እንጂ፣ እዚህ ስልኩን የሚያነሳው ሰው አይሆንም ካለ ምን ፋይዳ አለው፣ አልኩት። ረጋ ብሎ አዳመጠኝና «እኛ የምንመዝነው ሕጉን ነው እንጂ ሐኪሙን አይደለም። በአማካይ ካየሽው ብዙ ሰው ይተርፋል» አለኝ። አማካይ የሚባል ሰው አግኝተህ ታውቃለህ ወይ፣ ቀብሩ ላይ ቆመህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ኮሚቴው በዲሴምበር ይሰበሰባል፣ የሚፈልጉት ጥርት ያለ ቁጥር ነው፣ አለኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠራኝና ጨመረልኝ፦ «ሕመምተኛው ራሱ እምቢ አለ የሚሉትን ጥቂት መዝገቦች አውጥተሽ ጣያቸው። ኩላሊት እየጠበቀ ኩላሊት እምቢ የሚል ሰው የለም። የጻፈው ሰው ተሳስቶ ነው።»

ዌልደን ከቦስተን የመጣ ሰው ነው። የመጨረሻዋን የኬክ ቁራሽ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያነሣ ሰው ነው። እኛን አያውቀንም።

አሥራ ዘጠኝ ብዬህ አሥራ ሰባቱን ነገርኩህ። ሁለቱስ የት ገቡ ብለህ እንዳልጠየቅህ አውቃለሁ፤ የት እንደገቡ ታውቃለህና።

የመጀመሪያው በሜይ ነው፤ ዐርብ ቀን፣ የዓሣ ማስገሩ ወቅት መክፈቻ ዋዜማ። «ሕመምተኛው አልፈለገም» ይላል። ቀኑን ሳየው የሞተር መጠገኛ ሱቅህ ግቢ መልክ መጣብኝ። አርባ የጀልባ ሞተር በአርባ እንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ ሰዉ ሁሉ «ለነገ ይደርስልኛል አይደል?» እያለ። ሁለተኛው በኦገስት ነው። ያኔ ምንም መክፈቻ የለም፤ ሰበብ የለህም።

ለካርለን እናታችን ትጋግረው የነበረውን የሩባርብ ፓይ አሠራር ረሳሁት ብዬ ደወልኩላት። አትቆጣት፤ ምን እየጠየቅኋት እንደሆነ አላወቀችም። ስለ አንተ እያወራን በመሐል ኦገስት ላይ እንዴት ነበር አልኳት። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ምሳህን ይዛ ስትገባ ስልክ ላይ ነበርክ። «ከኋላዬ የሚጠብቅ ሰው የለም ወይ?» ስትል ሰማችህ። መልሱን ሰምተህ «እንግዲያው እሱን አስቀድሙት፤ ግድ የለም፣ እኔ ደህና ነኝ» አልክ። እሷ የሞተር ዕቃ አዘህ ወረፋ ላይ ያለህ መስሏት ነበር። «ደግሞ ለሌላ ሰው ለቀቀ ብዬ ተናደድኩበት» አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ የነገረችኝ ነገር ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ። ያን ቀን ስልክህን ሁልጊዜ ከምትከትበት ኪስ አውጥተህ፣ ከመፍቻዎቹ አጠገብ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ አስቀመጥከው። ሱቁን እስክትዘጋ ድረስ በየደቂቃው ዞር እያልክ ታየው ነበር። አንድ ደንበኛ ስልኩ ላይ ጨርቅ ሲጥልበት ተቆጣኸው። አንተ ደንበኛ ተቆጥተህ አታውቅም።

እንደገና እስኪጠይቁህ ነበር የምትጠብቀው።

እንዲህ ነው ያሳደጉን። አባታችን ሰው ቤት ሄዶ ምግብ ሲቀርብለት «አይ፣ አሁን ነው የበላሁት» ይላል፤ ሆዱ እየጮኸ። ሁለተኛ ሲሉት «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። ሦስተኛ ሲሉት «እንግዲያው ካላስቸገርኳችሁ ግማሿን» ብሎ ሦስት ሰው የሚያጠግብ ይበላል። ሦስተኛ ሳይጠየቅ ሳህኑን ያነሣ ሰው ቢኖር እስከ ዕለተ ሞቱ ይታማል። ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የሎሚ ኬክ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻዋን ቁራሽ ማን ያነሣል? ማንም። አንዱ ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ እንዲህ እንዲህ ስትል ፍርፋሪዋ ደርቃ ሰኞ ዕለት ትጣላለች። ለኬክ ይሁን፤ ኬክ ቢደርቅ ማን ይሞታል? ኩላሊት የሚያድል ኮምፒዩተር ግን የእኛ ሰፈር ልጅ አይደለም። አንድ ጊዜ ይጠራል፤ አይ ስትለው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። አንተ ስልኩን እያየህ ስትውል ያ ኩላሊት ድንበር ተሻግሮ ዊስከንሲን ደርሶ ነበር።

ይሉኝታህን ረገምኩት። ደግነት ነው ብለህ እንዳታታልለኝ። ደግነት ቢሆን ኖሮ ካርለንን ታስብ ነበር፤ እሷ ናት እኮ ሌሊት እግርህ ሲያብጥ የምታሸው። ከኋላህ ያለው ሰውም ሚስት አለችው ትለኝ ይሆናል። አለችው። እሱ ግን ሲጠሩት አቤት አለ። ለሰው ማዘን ሌላ፣ መጠየቅን ማፈር ሌላ። አንተ ስታፍር ኖረህ ስታፍር ልትሞት ነው።

ካርለን የማርቹን ነገርም ነግራኛለች። ልብህ ደክሟል፤ በማርች እንደገና ይመረምሩህና እንዲህ ከቀጠለ ቀዶ ሕክምናውን አይችለውም ብለው ከወረፋው ያወጡሃል። ይህን ለእኔ ልትነግረኝ አልፈለግህም። መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ልንገርህ፦ «ከዝርዝሩ ወጣ።» ሞተ አይባልም። የእኛ ሞዴልም እንደ ሞተ አይቆጥርህም። ከወረፋ የወጣ ሰው የትም ሄዶ የሚኖር ይመስል፣ ቁጥራችንን ሳታበላሽ ታልፋለህ።

እዚህ ድረስ ሁሉንም ሰድቤአለሁ፤ ሆስፒታሉን፣ ዌልደንን፣ አንተን። አንድ ሰው ቀርታኛለች።

በመጀመሪያው ዓመት እናታችን ቤት፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠን «የእኔን ውሰድ፣ ሁለት አለኝ» አልኩህ። «አይ፣ ልጆችሽ ትናንሽ ናቸው» አልከኝ። በሁለተኛው ዓመት የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንደገና አልኩህ። «ኧረ ተዪው፣ ለእኔ የሚሆን አይጠፋም» አልከኝ፤ የመኪናዬን በር ራስህ ዘጋህልኝ። እኔም እሺ አልኩ። ምን ያህል ቶሎ እሺ እንዳልኩ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። የአባታችን ልጅ ነኝ፤ ወጉን ካንተ እኩል አውቀዋለሁ። ሁለቱ አይ ምን ማለት እንደሆኑ፣ ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። ከዚያ መኪና ማቆሚያ ወጥቼ አራት ሰዓት ስነዳ ሬዲዮ ከፍቼ እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ልጆቼ ያኔ ትናንሽ ነበሩ፤ ዛሬ አንዷ ከእኔ ትረዝማለች። በመካከሉ ስንት ገና አብረን በላን፣ ስንት ጊዜ «ክንድህ እንዴት ነው?» አልኩህ፤ ያቺን ጥያቄ ግን ዳግመኛ አላነሣሁም። አንተ ስልኩን ስታይ እንደዋልከው ሁሉ እኔንም ስታየኝ ከርመህ ይሆን? መልሱን እንዳትጽፍልኝ።

ሞዴላችን ውስጥ እህት የሚባል ነገር የለም። የሞቱ ለጋሾች ብቻ ናቸው ያሉት። ዙር በዙር እየጠበቀ በሞተው ወንድም ቤት አንዲት ጤነኛ እህት ተቀምጣ ፓይ እየበላች እንደነበር የሚቆጥር መስመር ማንም አልጻፈም። እኔም ጭምር።

ለዌልደን የጠየቀኝን አላደረግሁም። እምቢታዎቹን ሁሉ፣ የሆስፒታሎቹንም የሰዎቹንም፣ እያንዳንዱን በየቦታው መልሼ ከትቼ እንደገና አስኬድኩት። ያ ከመቶው በዘጠና አራቱ ኩላሊት የሚያገኘው ሰውዬ በስድስቱ ብቻ አገኘ። አዲሱ ሕግም ቢሆን ከስምንት አላሳለፈውም። ሁለቱንም ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርጌ፣ የትኛው በግምት፣ የትኛው በእውን ከታየው እንደተሠራ ጽፌ፣ በስሜ ለኮሚቴው ላክሁት። ፕራቲማ ሳትጠየቅ ስሟን ከሥሬ ጻፈች። ዌልደን ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ ሾርባ ግን የሚያመጣ አይመስለኝም። ይህ ደብዳቤ ደግሞ ከተገኘብኝ ወንበሬም አይቀርልኝም። ይቅር። ሌላ ሥራ አይጠፋም።

ካለፈው ማክሰኞ በፊት በነበረው ማክሰኞ ለባሌ ነገርኩት፤ ለልጆቹም ነገርኳቸው። ታናሿ አለቀሰች፤ ከዚያ «ታዲያ እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለችኝ። በማግስቱ ወደ አንተ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ደቡብ ወዳለው ሄድኩ፤ የሚመልሰው ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን አይቼዋለሁ። አሥራ አራት ብልቃጥ ደም ቀዱኝ። ሆዴን በማሽን አዩት፤ ሽንቴን ቀንና ሌሊት በጀሪካን አጠራቀምኩ፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሰው አስገድዶሽ እንደሆነ ንገሪኝ ስትለኝ ዋለች። ማንም አላስገደደኝም አልኳት፤ እንዲያውም ችግሩ እሱ ነው አልኳት። አልገባትም።

ሐኪሟ ትናንት ደወለችልኝ። ያለችኝን አልጽፍልህም፤ ካርለን ታውቀዋለች፣ ስታለቅስ ዋለች፣ አንተ ሽንኩርት መስሎህ ይሆናል። ያንተን መዝገብ ወደ እነሱ ለማዛወር የሚሞላውን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ የት የት እንደሚፈረም በቀይ አክብቤልሃለሁ። በጃንዋሪ አሥራ ሁለት ጠዋት በአንድ ኮሪደር ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አስይዛለች። የእኔን ፊርማ ትናንት ወስዳለች። የአንተን እየጠበቀች ነው።

ደግሞ ልታመሰግነኝ ብለህ እንዳትደውል። አይ ልትለኝ ከሆነ ግን በስልክ አይሆንም፤ አራት ሰዓት ነድተህ መጥተህ፣ ልጆቼ ፊት ቆመህ በለው።

ጌታ መንገድህን ከበረዶ ይጠብቅልህ፤ ልብህን እስከዚያች ቀን ያበርታልህ፤ ካርለንን ያኑርልህ። ሱቁን ለአንድ ወር ዝጋው። ሞተሮቹ ይጠብቁ።

የምትወድህና የተቆጣችህ፣
ታናሽ እህትህ